የቦንቱ አፍ

ባኬ ጃማ በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ወደ ታች በሚወርደው የኮብልስቶን መንገድ ላይ ድርቤን የማያውቅ አልነበረም። መንገዱ ገና ጭቃ በነበረበት ዘመን ወደ ቀበሌ፣ ወደ ፍርድ ቤት ወይም ወደ ሆስፒታል የሚሄድ ሰው ቀድሞ የሷን በር ያንኳኳ ነበር። ያኔ የመንግሥት ቢሮ የሚናገረው አማርኛ ነው፤ ባለጉዳዩ የሚያውቀው ደግሞ ኦሮምኛ። ድርቤ አባቷ የአውራ ጎዳና ሠራተኛ ስለነበር ከሸዋ ልጆች ጋር በአንድ ግቢ ነው ያደገችው፤ በየትኛው ቋንቋ ቀድማ አፏን እንደፈታች ራሷም አታውቅም። ኋላ በሆስፒታሉ ካርድ ክፍል ተቀጥራ፣ ጡረታ እስክትወጣ ድረስ ከሌላ ክፍለ ሀገር ለመጡ ሐኪሞች ስታስተረጉም ኖረች።

ከዚያ ነገሩ ተገለበጠ። ቢሮው በኦሮምኛ መሥራት ጀመረ፤ አስተርጓሚ ፈላጊው ከጎጃም የተመደበው መምህር፣ ከሐዋሳ የመጣው ተማሪ፣ ከወሎ መጥቶ ሱቅ የከፈተው ነጋዴ ሆነ። የጭቃ ቤቶቹ እየፈረሱ ፎቅ ተተካባቸው። ከድሮ ጎረቤቶቿ ገሚሱ ሞተ፣ ገሚሱ ቤቱን ሸጦ ሄደ፣ በየግቢው ተከራይ ሞላ። ድርቤ በዚህ አልተከፋችም። ሰዎቹ ተለወጡ እንጂ በሯን የሚያንኳኳ አልጠፋም።

ከሁሉም በላይ ግን የቦንቱ አፍ ነበረች። ስሙን ያወጣላት ሰፈሩ ነው። ቦንቱ ከሲቡ ስሬ ገጠር ተድራ ከድርቤ ጎን ወዳለው ግቢ ስትገባ ገና ልጅ ነበረች፤ ከተማ አታውቅም፣ አማርኛ አትሰማም። ወፍጮ ቤቱን ያሳየቻት ድርቤ ናት። ቀበሌ ይዛት የሄደች፣ ልጇ ኬኔ ስትወለድ አዋላጇ የምትለውን የነገረቻት ድርቤ ናት። ባሏ ገቢሳ ታሞ ሆስፒታል የተኛ ጊዜ፣ ሐኪሙ “ከዚህ በላይ የምናደርግለት የለም፤ ቤቱ ይዛችሁት ሂዱ” ሲል፣ ያን ቃል ወደ ኦሮምኛ መልሳ ቦንቱ ጆሮ ውስጥ ያስገባችውም እሷ ናት። በሁለቱ ግቢ መካከል ባለው የግራዋ አጥር ላይ አንድ ሰው የሚያሳልፍ ቀዳዳ ነበረ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲመላለሱበት መሬቱ ጠጥሮ ሣር አይበቅልበትም።

ሰናይት የመጣችው መስቀል እንዳለፈ ነው። ባሏ ታረቀኝ ዩኒቨርሲቲው የግብርና መምህር አድርጎ ስለቀጠረው ከቢቸና ተነሥተው መጡና ከቦንቱ ቤት በስተኋላ ያለችውን ሰርቪስ ቤት ተከራዩ። የመጀመሪያውን ቀን ድርቤ መሐል ቆማ፣ ውሃ የሚመጣው በየትኛው ቀን እንደሆነ፣ ቆሻሻ የት እንደሚደፋ፣ የግቢው በር ማታ እንዴት እንደሚቀረቀር ከወዲያ ወዲህ እያመላለሰች አስረዳች። ሰናይት ቀጭን፣ ዓይነ ትልቅ፣ ለትልቅ ሰው ጎንበስ ብላ የምትናገር ልጅ ናት።

“እትዬ ድርቤ፣ እርስዎ ባይኖሩ ምን ይውጠን ነበር” አለቻት።

ድርቤ ወደደቻት። ለቦንቱም፣ “ጨዋ ልጅ ነች” አለቻት።

ጥቅምት አልፎ ኅዳር እንደገባ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ድርቤ በረንዳዋ ላይ ምስር እየለቀመች ሳለ ከአጥሩ ወዲያ ሳቅ ሰማች። ቦንቱ እንዲህ አትስቅም። የምትስቀው አፏን በነጠላዋ ሸፍና ነው፤ ይህኛው ግን አፍ ሞልቶ የሚወጣ ሳቅ ነበር። ድርቤ ምስሩን አስቀምጣ በቀዳዳው ሾለከች። ሁለቱ በርጩማ ላይ ተቀምጠው አንጮቴ፣ ያን እንደ ድንች ያለ ሥር፣ ይልጣሉ። ሰናይት ቢላዋውን ከፍ አድርጋ፣ “አልቤ” ትላለች። ቦንቱ ደግሞ ልጣጩን እያሳየች “ልጣጭ” ለማለት ትሞክርና ምላሷ ይተሳሰራል።

“ምን ያስቃችኋል?” አለች ድርቤ።

ቦንቱ ልታስረዳት ሞከረች። ሰናይት በኦሮምኛ ቢሻን ለማለት ሌላ ነገር ብላ፣ ከዚያ ቦንቱ ያንኑ በአማርኛ ውሃ ለማለት ሌላ ነገር ብላ፣ ከዚያ... ሲነገር አያስቅም። ድርቤም አልሳቀችም። ቃሉ በትክክል እንዴት እንደሚባል ለሁለቱም ነገረቻቸው። ሁለቱም “እሺ” ብለው ወደ አንጮቴው አቀረቀሩ። እሷ ወደ ቤቷ ስትመለስ ሳቁ ተመልሶ መጣ።

ክረምት እስኪደርስ ሁለቱ የራሳቸውን አነጋገር ሠርተው ነበር። ግማሹ ኦሮምኛ፣ ግማሹ አማርኛ፣ የቀረው ደግሞ ከሁለቱም ያልሆነ፣ እነሱ ብቻ የሚያውቁት። ሰናይት የከሰል ምድጃውን በሆነ የተጣመመ ስም ትጠራዋለች፤ ቦንቱ ሄዳ ታመጣላታለች። ድርቤ ሁለቱን ቋንቋ እንደ እሷ የሚያውቅ በሰፈሩ የለም፤ እዚያ ግቢ ገብታ ስትቀመጥ ግን የማይገባት ቃል ይመጣ ጀመር። “ምን ማለት ነው?” ብላ መጠየቅ ሞት መሰላት። ስለዚህ የገባት መስላ ትቀመጣለች።

ጥቃቅኑን ሁሉ ማየት ጀመረች። ሰናይት ኦርቶዶክስ ናት፣ ረቡዕና ዓርብ ትጾማለች። ቦንቱ በነዚያ ቀኖች ለሷ የሚሆነውን አንጮቴ ለብቻው ቀቅላ በዘይት ታሽላታለች። ድርቤ ይህን ባየች ጊዜ ሐሞቷን ታማ ሐኪም ቅባት የከለከላትን ወራት አስታወሰች። ያን ጊዜ ቦንቱ በየቀኑ ምግብ ታመጣላት ነበር፤ በየቀኑም ረስታ ቅቤ ታፈስበት ነበር። ያኔ ተሳስቀው ያለፉት ነገር አሁን ሆዷን በላት። ለዚች ግን አትረሳም፣ አለች በልቧ። ረቡዕንም ዓርብንም አትረሳም።

አንድ ቅዳሜ ገበያ መሐል አገኘቻቸው። ቦንቱ የሰናይትን ዘንቢል ይዛላት፣ ለቅቤ ሻጯ “ኢንተላ ኮ ናት” እያለች ታስተዋውቃታለች፤ ልጄ ናት ማለቷ ነው። ድርቤ እንዳላየ ሰው በሌላ ረድፍ ዞራ ሄደች፤ ልትገዛ የመጣችውን በርበሬም ሳትገዛ ተመለሰች።

ከሁሉ የባሰው የቦንቱ የደም ግፊት ቀጠሮ ነበር። ቦንቱ ለክትትል ስትሄድ ሁልጊዜ አብረው ነው የሚሄዱት። እውነቱን ለመናገር ሐኪሙ የጊምቢ ልጅ ነው፣ ኦሮምኛ የሚናገረው ከቦንቱ እኩል ነው፤ አስተርጓሚ ካላስፈለገ ቆይቷል። ድርቤ ግን መሄዷን አልተወችም፣ ቦንቱም ቅሪ ብላት አታውቅም። በዚያ ቀን ድርቤ ጫማዋን አድርጋ፣ ሻርፗን ጣል አድርጋ በቀዳዳው ስትሾልክ የቦንቱ በር ተዘግቷል። ከሰዓት በኋላ ሁለቱ በባጃጅ መጡ።

“ከሰናይት ጋር ሄድኩ” አለች ቦንቱ። “እሷም ለእርግዝናዋ ቀጠሮ ነበራት። አንቺን ደግሞ ጉልበትሽ እያመመሽ ለምን ላንገላታሽ ብዬ ነው።”

“ደግ አደረግሽ” አለች ድርቤ። ቤቷ ገብታ ሻርፗን አወለቀች፤ እስኪመሽም የረባ ነገር ሳትሠራ ተቀምጣ ዋለች። ሰናይት ማርገዟን የሰማችው ያኔ ነው። ቦንቱ ካወቀች ስንት ጊዜዋ ይሆን? ሠላሳ ዓመት ቦንቱ ቤት የገባ ወሬ ሁሉ በድርቤ በኩል ነበር የሚገባው።

ልጅቷን ጠላቻት ማለት አይቻልም። ሰናይት በር ላይ ስታገኛት ጎንበስ ብላ ስትሳለማት ልቧ ይራራል። የሚያንገበግባት ቦንቱ ናት። ቦንቱ ያለ ድርቤ አፍ መናገር፣ ያለ ድርቤ ጆሮ መስማት መቻሏ ነው። የድርቤ ልጅ ሊሊሴ ከአዳማ ስትደውል ይህንኑ ልትነግራት ትጀምርና፣ በስንት ዓመቴ በጎረቤት ቀናሁ ልበላት ብላ ታፍራለች፤ ወሬ ትለውጣለች።

የሰናይት ሆድ ገፍቶ በታየ ጊዜ አንድ እሑድ ቦንቱ ድርቤን ልትጠራት መጣች። የቸርች ልብሷን አልቀየረችም፣ ፊቷ በርቷል።

“ነይ እስቲ” አለቻት። “አንድ ትልቅ ነገር ልነግራት ፈልጌ ነው። ይሄ በእኔና በሷ አነጋገር አይሆንም፤ ይበላሻል። አንቺ አስተካክለሽ ንገሪልኝ።”

ድርቤ ደስ አላት። የጸዳ ነጠላ ደርባ ወጣች። ትልቅ ነገር ሲመጣ እንግዲህ ያለ እኔ አይሆንም፣ አለች በልቧ፤ አንጮቴ መላጥ ሌላ፣ ይሄ ሌላ። ሰናይት ከሰርቪስ ቤቷ ወጥታ በርጩማ አቀረበችላቸው። ታረቀኝ አልነበረም። ሦስቱ ሴቶች ጥላው ሥር ተቀመጡ።

ቦንቱ የሰናይትን እጅ ይዛ፣ ፊቷን ወደ ድርቤ መልሳ በኦሮምኛ ተናገረች።

“እንዲህ በያት። ልጁ ሲወለድ ይህን ክፍል ትልቀቅ። ግድግዳው እርጥበት አለው፣ ለአራስ አይሆንም። እኔ ቤት ትግባ፤ የኬኔን ክፍል አዘጋጅላታለሁ። መንገዱ አስቸጋሪ ሆኖ እናቷ መምጣት ካልቻለች እኔ አለሁላት። ማርቃውን፣ የአራስ ገንፎውን፣ እኔ አገነፋላታለሁ፣ ልጁን እኔ አጥብላታለሁ። ባሏም ከፈለገ እዚሁ ይደር፣ ካልፈለገ እንደ ልቡ። ቤቱ ቤቷ ነው በያት።”

የኬኔ ክፍል። ኬኔ አዲስ አበባ ሥራ ከያዘች ወዲህ ማንም ያልተኛበት፣ በር ተዘግቶ በሳምንት አንድ ጊዜ የሚጠረግ ክፍል። ድርቤ እግሯ ተሰብሮ በጀሶ ታስራ ብቻዋን በተኛች ጊዜ ቦንቱ ጠዋት ማታ ትመጣ ነበር፤ ግን እኔ ቤት ግቢ፣ የኬኔ ክፍል ባዶ ነው አላለቻትም። ድርቤም እስከዚያች ቀን ድረስ አስባው አታውቅም።

ሰናይት በትልልቅ ዓይኖቿ እያየቻት ትጠብቃለች።

“ልጁ ሲወለድ” አለች ድርቤ በአማርኛ፣ “ይህን ክፍል እንድትለቂ ትፈልጋለች።”

ቆመች። የቀረውን ልትል ነበር። ቃሎቹ ተራቸውን ይዘው አፏ ውስጥ ነበሩ። ግን የሰናይት ፊት በአንድ ጊዜ ሲለወጥ አየች፤ ደሟ ከጉንጮቿ ሸሸ። ድርቤም የቀረውን ዋጠችው።

“አጥፍቼ ነው እንዴ፣ እትዬ?” አለች ሰናይት ዝቅ ባለ ድምፅ። “የማስቀይማት ነገር አደረግሁ?”

“ኧረ ምንም አላደረግሽ። ቤቱ የሷ ነው፤ እንግዲህ ምን ይደረጋል።”

ሰናይት ዓይኗ እንባ ሞላ። ተነሥታ የቦንቱን ትከሻ ሳመችና፣ “ገለቶሚ” አለቻት፤ እስካሁን ስላስጠጋሽኝ እግዜር ይስጥልኝ ማለቷ ነው። ከዚያ ወደ ክፍሏ ገባች። ቦንቱም ዓይኗን ጠረገች።

“ተመልከቻት፣ አለቀሰች እኮ” አለች። “ምን አለች?”

“እሺ ብላለች” አለች ድርቤ። ይህም ሐሰት አልነበረም።

በማግስቱ ቦንቱ የኬኔን ክፍል ኖራ ማስቀባት ጀመረች። ፍራሹን ፀሐይ ላይ አውጥታ ደበደበች፣ መስኮቱን አጠበች። ድርቤ በየጠዋቱ፣ ዛሬ እነግራታለሁ ትላለች። ተሳስቼ ሳልጨርስላት ቀረሁ ብል ማን ያውቅብኛል? አንድ ቀን በእርግጥ ቆርጣ ቀዳዳው ጋ ደረሰች። ቦንቱ ወንበር ላይ ቆማ ቢጫ መጋረጃ ስትሰቅል በመስኮቱ ታየቻት። ታዜም ነበር። ድርቤ ለእኔ መጋረጃ የሰቀለ የለም፣ አለችና ተመለሰች።

ሰናይት ከዚያን ቀን ወዲህ ከቦንቱ ፊት መሸሽ ጀመረች። ቦንቱ እርግዝናው ነው ብላ ተወቻት። ታረቀኝም ቢሆን ኩሩ ሰው ነው፤ “አንፈልጋችሁም ካሉን ምን ብለን እንለማመጣለን” ብሎ ከደላላ ጋር ቤት ፍለጋ ጀመረ። ድርቤ ይህን ሁሉ ያወቀችው ሰናይት ራሷ ቤቷ እየመጣች ስለምትነግራት ነው። ከዚያ በፊት ሰናይት የድርቤን ሳሎን ረግጣው አታውቅም።

“ለምን እንደምትስቅልኝ አልገባኝም” አለቻት አንድ ቀን። “አስወጥታኝ ደግሞ ባየችኝ ቁጥር ትስቃለች። ሆዴን ትዳብሳለች። ምን ዓይነት ሰው ናት?”

“የሰው ሆድ ማን ያውቃል፣ ልጄ” አለች ድርቤ፤ ሻይ ቀዳችላት፣ ትራስ ከወገቧ በኋላ አደረገችላት። ሰናይት ጉልበቷ ላይ ተደፍታ ስታለቅስ ጀርባዋን እያሸች የተሰማት ነገር ደስታ ነበር። ወዲያው ደግሞ ያ ደስታ አስፈራት። እጇን ከልጅቷ ጀርባ ላይ አነሣች።

ቤቱ ተገኘ፤ በከኒሳ ቀሴ የሚባል ሰፈር፣ ከከተማው ወዲያ ጫፍ። ቅዳሜ ጠዋት አንድ አይሱዙ መኪና ከግቢው በር ላይ ቆመ፤ ሁለት ጫኞችም ገቡ። ድርቤ በረንዳዋ ላይ ሆና የዕቃውን ኳኳታ ትሰማለች። ቤቷ ገብታ በሩን ልትዘጋው አሰበች፤ እግሯ ግን ወደ አጥሩ ወሰዳት።

ጫኞቹ አልጋውን ከሰርቪስ ቤቱ አውጥተው ወደ በሩ ሲሄዱ ቦንቱ ከቤቷ ወጣች። ልጁ ሳይወለድ ሊገቡልኝ ነው ብላ ደስ አላት፤ እየሮጠች መጥታ የአልጋውን አንድ ጫፍ ይዛ ወደራሷ ቤት ጎተተች። “በዚህ፣ በዚህ” ትላለች በአማርኛ። ጫኞቹ ግራ ገባቸው። ታረቀኝ ደግሞ ከመኪናው ወርዶ፣ “ምንድን ነው? ዕቃችንን ልትይዝብን ነው?” አለና ሌላውን ጫፍ ያዘ። አልጋው ወዲያና ወዲህ ተጎተተ።

ሰናይት መሐል ገባች። አስተርጓሚ አልፈለገችም፤ ቁጣና እንባ እየተናነቃት ከቦንቱ የተማረችውን ኦሮምኛ ለቃቀመችው።

“አቲ በኢ ጄቴ” አለች። አንቺ ውጪ አልሽኝ።

ቦንቱ አልጋውን ለቀቀች።

“አኒ?” አለች። “አኒ ገሊ ጄዴ።” እኔ? እኔ ግቢ ነው ያልኩሽ። እንዳትሳሳት ብላም በእጇ ወደራሷ በር እያሳየች ደጋገመችው፤ “ገሊ፣ ገሊ። ግቢ።”

ለሁለቱ ቃል የሚያስተረጉም አላስፈለገም። ሰናይት ወደ ቤቱ ተመለከተች፤ በመስኮቱ ላይ ቢጫው መጋረጃ ይታያል። ከዚያ ሁለቱም ባንድነት ዞር ሲሉ ድርቤ አጥሩ ጋ ቆማለች።

“ነይ” አለቻት ቦንቱ። ድምፅዋን አላነሣችም። “ምን ብለሽ ነገርሻት?”

“ክፍሉን ትልቀቅ አልሽኝ” አለች ድርቤ በኦሮምኛ። “እሱን ነገርኳት።”

“ከዚያስ?”

ሰበብ አዘጋጅታ ነበር። ልጨርስ ስል ተነሥታ ገባችብኝ ልትል ነበር። ግን ቦንቱን አይታ አልቻለችም።

“ከዚያ በኋላ ያለውን አልነገርኳትም።”

ሰናይትና ታረቀኝ ይጠብቃሉ። ያንኑ ቃል በአማርኛም መድገም ነበረባት፤ ሌላ የሚያስተረጉምላት አልነበረም። ደገመችው። ቦንቱ ያለችውን በሙሉ፣ እርጥበቱን፣ የኬኔን ክፍል፣ ማርቃውን፣ ቤቱ ቤቷ ነው የሚለውን ሁሉ ያኔ ተናገረች።

“ለምን ግን?” አለ ታረቀኝ።

ሰናይት ቦንቱ አንገት ላይ ተጠምጥማ ታለቅሳለች፤ ቦንቱም በኦሮምኛ ታባብላታለች። ጫኞቹ አልጋውን አንሥተው ወደ ኬኔ ክፍል ይዘውት ገቡ። ድርቤ በቀዳዳው ተመለሰች፤ ማንም አልጠራትም።

በማግስቱ ቸርች አልሄደችም። ከሰዓት በኋላ ቦንቱ መጣች። በቀዳዳው አልመጣችም፣ በመንገድ ዞራ በሩን አንኳክታ ገባች። ተቀመጪ ስትባል የሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

“ሰናይት ይቅር ብላሻለች” አለች። “ልጅ ናት፣ ሆዷም ቀና ነው። እኔም ስለሷ ይቅር እልሻለሁ።”

“ቦንቱ...”

“ልጨርስ። ቀናሽ። ቅናትሽን አውቄው ነበር። ገበያ ላይ ዞረሽ ስትሄጂ አይቼሻለሁ። ያልፍላታል ብዬ ተውኩት። እሱ አይደለም ያመጣኝ።” ቦንቱ እጆቿን አገጣጥማ ጉልበቷ ላይ አደረገች። “ትናንት ስተኛ አንድ ነገር መጣብኝ። እኔ ይህን ከተማ የሰማሁት ባንቺ አፍ ነው። ዳኛው ያለውን፣ ቀበሌ ያለውን፣ አዋላጇ ያለችውን። ገቢሳ ተኝቶ ሐኪሙ ሲናገር ፊቱን ነው ያየሁት፤ ቃሉን አንቺ ነሽ የነገርሽኝ። ከዚህ በላይ የምናደርግለት የለም፣ ቤት ውሰዱት አለ፣ አልሽኝ። ወሰድኩት።”

ድርቤ ዓይኗን ከቦንቱ እጆች ላይ አነሣች።

“በእውነት እንደዚያ ነው ያለው?” አለች ቦንቱ። “ወይስ የቀረ ነበረ?”

“እንደዚያ ነው ያለው። በአምላክ ፊት እልሻለሁ። አንዲት ቃል አልጎደለችም። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን የከበደኝ ነገር ተናግሬ አላውቅም።”

“እሺ” አለች ቦንቱ።

“ታምኚኛለሽ?”

“ማመን እፈልጋለሁ” አለች ቦንቱ። “በፊት ግን መፈለግ አላስፈለገኝም ነበር።” ተነሥታ፣ በመጣችበት በር ወጣች።

ድርቤ ያን ቀን ያለቀሰችው በገዛ ባሏ ቀብር ላይ እንኳ ያላለቀሰችውን ልቅሶ ነው። የሐኪሙ ቃል እውነት ነበር፤ ግን የሚመሰክርላት የለም። ሐኪሙ ወደ አገሩ ከሄደ ስንት ዓመቱ፤ ገቢሳም ሞቷል። ያላት ምስክር የገዛ አፏ ብቻ ነው።

ሰናይት ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች። የሰፈሩ ሴቶች ሲጠይቋት ድርቤም ለመጠየቅ ዘገየች እንጂ አልቀረችም፤ ገንፎ ዱቄትና የሕፃን ፎጣ ይዛ በመንገድ ዞራ ሄደች። ቦንቱ ተቀብላ ወንበር ሰጠቻት፤ ብርጭቆ በሳህን አድርጋ ለስላሳ አቀረበችላት። በዚህ ቤት ድርቤ ጓዳ ገብታ ለራሷ ቀድታ የምትጠጣ ነበረች። አሁን እንደ እንግዳ ተስተናገደች። ሰናይት ግን ከአልጋው ላይ ሆና ሕፃኗን ዘረጋችላት።

“ይያዟት እንጂ፣ እትዬ።”

ድርቤ ሕፃኗን ታቅፋ ሳለ ስልክ ጮኸ። የሰናይት እናት ናት፤ ከቢቸና። ስንት ጊዜ ኔትወርክ እምቢ ብሏት ያን ቀን ገና መስመር ማግኘቷ ነው። ሰናይት አነጋግራት ድምፁን ክፍት አደረገችው፤ እናቷ ልጇን ያረሰችላትን ቦንቱን ማመስገን ፈልጋለች።

“እሜቴ፣ እንደምን ሰነበቱልኝ” አለ ከስልኩ የሚመጣው የአሮጊት ድምፅ፤ ከዚያም ምርቃቱ እየተከታተለ ወረደ። ሰናይት መተርጎም ጀመረች። አንጮቴና ምድጃ፣ ውሃና እሳት ታውቃለች፤ አደራ የሚለው ቃል ላይ ስትደርስ ግን ቆመች። እጇን ብታወናጭፍ አልሆነላትም። ቦንቱ አንዴ ሰናይትን፣ አንዴ ስልኩን አየች። ከዚያ ዓይኗ ድርቤ ላይ ቆየ።

“እስቲ አንቺ ስሚልኝ” አለቻት።

ድርቤ ሕፃኗን ሳታስቀምጥ ወደ ስልኩ ተጠጋች።

“ኢማና ነው የምትለው” አለች ለቦንቱ፤ አደራ በኦሮምኛ ኢማና ነው። “ልጄን በኢማና ሰጥቼሽ ነበር፣ ጠበቅሽልኝ ትላለች። እኔ ወለድኳት፣ አንቺ ግን አረስሻት ትላለች። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ሲባል እሰማ ነበር፣ ዘንድሮ አየሁት ትላለች።”

አሮጊቷ ቀጠለች። ድርቤ አዳመጠች። ሰናይት ከአልጋው ላይ ሆና ታያታለች።

“እህት አልነበረኝም ትላለች” አለች ድርቤ። “ከዛሬ ጀምሮ እህቴ አንቺ ነሽ። እንዳንቺ ያለ ሰው በዚያ አገር አይኖርም ትላለች።”

እያንዳንዱ ቃል እሾህ ነበር፤ አንዱንም አላስቀረችም።

“ሁሉም ይኸው ነው?” አለች ቦንቱ።

“ሁሉም ይኸው ነው።”

ቦንቱ ዓይኗን ወደ ሰናይት አዞረች። ሰናይት ራሷን ነቀነቀች፤ እውነት ነው ማለቷ ነው። ድርቤ ይህን አየች። እንዳላየች ለመምሰል ሕፃኗን በፎጣው ሸፈነቻት።

ቦንቱ ረዘም ያለ መልስ ሰጠች፤ ስለ ሕፃኗ ክብደት፣ ስለ ሰናይት ጡት፣ መንገዱ ሲከፈት አሮጊቷ መጥታ እዚሁ ቤት እንድታርፍ። ድርቤ ቃል በቃል አሳለፈችው። ስልኩ ሲዘጋ ሕፃኗን ለእናቷ መልሳ ለመሄድ ተነሣች። ቦንቱ እስከ በሩ ሸኘቻት።

“ነገም በዚህ ሰዓት ትደውላለች” አለች ቦንቱ፣ የበሩን እንጨት እየያዘች።

ድርቤ ቅናቱ ለቀቃት ብሎ መናገር አይቻልም። እህቴ የሚለው ቃል ቤቷ እስክትገባ ድረስ አብሯት ሄዷል፤ ሲመሽም አልተዋትም። በማግስቱ ግን፣ አሮጊቷ የምትደውልበት ሰዓት ሲደርስ፣ ሻርፗን ደርባ ሄደች።